እሁድ ከሰዓት የሞተችው ረሂማ

ረሂማ መሞቷን የሰማችው እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ገበየሁ ሻይ ቤት ተቀምጣ ነው። የነገራትም ሌላ ሰው አይደለም፤ የገዛ ልጇ ናት፣ ያውም በቴሌቪዥን።

ሻይ ቤቱ መርሳ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ቴሌቪዥኑ ከለስላሳ ማቀዝቀዣው በላይ ተሰቅሏል። ከሁለት ወር ወዲህ እሁድ እሁድ ስምንት ሰዓት ሲቃረብ አግዳሚው ሁሉ ይሞላና ዘግይቶ የመጣው ደጅ ቆሞ በመስኮት ያያል። ይህ ሁሉ ሰው የሚሰበሰበው ለፈይሩዝ ነበር። የረሂማ አንድ ልጅ ፈይሩዝ ኡበይደላ «ድምፀ ብርቅ» በሚባለው የዘፈን ውድድር ከብዙ መቶ ተወዳዳሪ ተጣርታ ከመጨረሻዎቹ አራት ሰዎች አንዷ ሆናለች። የባጃጅ ነጂዎች ፎቶዋን የኋላ መስታወታቸው ላይ ለጥፈዋል።

ረሂማ ግን እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ሄዳ አይታ አታውቅም። መንገድ ዳር ሸራ ወጥራ ማንጎና ፓፓያ ትሸጣለች፤ «መኪና የሚቆመው እሁድም ነው» እያለች ንግዷን ምክንያት ታደርጋለች። ሰው ልጅሽ አገር አኮራች ሲላት «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወሬውን ትቀይራለች። እናትና ልጅ በስልክ እንኳ ከተነጋገሩ አራት ወር እንዳለፋቸው ጎረቤት ቀርቶ ታናሽ ወንድሟ ዓሪፍም አያውቅም ነበር። ያን እሁድ ገበየሁ ራሱ ሸራዋ ድረስ መጣና ተወዳዳሪዎቹ ዛሬ ስለ ቤተሰቦቻቸው እንደሚጠየቁ፣ እሷ ሳትኖር ደግ እንደማይሆን ነግሮ ለመናት። እምቢ ብትል ሰው ምን ነካት ይላል ብላ ሄደች። ከፊት አስቀመጧት፤ ሻይ ሰጧት።

ፈይሩዝ አምባሰል ዘፈነች። ረሂማ ልጇ ስትዘፍን ሰምታ አታውቅም ማለት አይቻልም፤ እቃ ስታጥብ፣ ማንጎ ስትለቅም ሁልጊዜ ታንጎራጉር ነበር። ይህ ግን ሌላ ነበር። ድምፁ ከዚያች ቀጭን ልጅ ደረት የሚወጣ አይመስልም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ማንኪያ እንኳ አልተሰማም። ረሂማ ብርጭቆውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች፤ ይህን ድምፅ ነው እንዴ ስከለክል የኖርኩት ስትል አሰበች።

ዘፈኑ እንዳለቀ ከዳኞቹ አንዷ፣ አነጋገሯ ለስለስ ያለ ሴት፣ ዛሬ ማን እያየሽ ይሆን፣ ቤተሰቦችሽ የት ናቸው ብላ ጠየቀቻት። ፈይሩዝ መሬት መሬት አየች። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር እንደነበረና በልጅነቷ በመኪና አደጋ እንዳረፈ ተናገረች። ይህ እውነት ነው። ዳኛዋ «እናትስ?» አለቻት።

«እናቴም ሞታለች» አለች ፈይሩዝ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ዳኛዋ ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። ከስክሪኑ ግርጌ ለፈይሩዝ ድምፅ የሚሰጥበት ቁጥር ብልጭ ድርግም ይል ጀመር።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ረሂማን አያት። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ልማድ ሆኖባቸው «ኢና ሊላሂ» ብለው ጀመሩና የሟቿን ማጅራት ፊት ለፊታቸው ሲያዩ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ገበየሁ ዘሎ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ስላልገባው መልሶ አበራው። ረሂማ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ተነሥታ ወጣች፤ አስፋልቱን ስትሻገር ጥሩንባ የነፋባትን አይሱዙ አልሰማችውም።

የሷ ድንጋጤ ከሌላው ሰው ይለይ ነበር። ሌላው የደነገጠው ውሸት ሰምቶ ነው። እሷ የደነገጠችው ቃሉን ስላወቀችው ነው።

ኅዳር ላይ ነበር። ፈይሩዝ ወልድያ ጤና ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች በሥራ ቀን ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ደሴ ላይ ለዘፈን ውድድሩ ተፈትና አልፋ ኖሮ አዲስ አበባ ተጠርታለች። ረሂማ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ፀሐይ ላይ የዋለችው ይህች ልጅ ነጭ ጋዋን ለብሳ መርሳ ጤና ጣቢያ ስትገባ ለማየት ነበር። ለመነቻት፣ አለቀሰችባት፣ በመጨረሻ በሩ ላይ ቆመችባት። ልጅቷ በጎኗ ሾልካ ስታልፍ፣ «ከዚህ በር ከወጣሽ እናት የለኝም በይ። የሚጠይቅሽ ካለም ሞታለች በይ» አለቻት። ማንም አልሰማም። ፈይሩዝ ዞር ብላ አየቻት፣ ከዚያ ሄደች።

ከሻይ ቤቱ በወጣች ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ስልኳ መጮህ ጀመረ። ከኮምቦልቻ የአጎቷ ልጅ ደወለች፤ ረሂማ «ሃሎ» ስትላት ያችኛዋ ጩኸቷን ለቀቀችና ስልኩን ዘጋችው። ከጅዳ ደወሉ፤ ከአፋር ደወሉ። ረሂማ ለእያንዳንዱ አለሁ፣ አልሞትኩም ስትል ዋለች። አራት ሰዓት ግድም አንድ ሚኒባስ ቆመና የባሏ አክስት ዓቢዳ ከውርጌሳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ወረዱ። ለቀብር አልተነገረኝም፣ ሰው አድርጎ የቆጠረኝ የለም እያሉ ያለቅሳሉ። ረሂማ ለአንድ ደንበኛ ፓፓያ እየመዘነች ነበር። አሮጊቷ ሲያዩዋት ልቅሷቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ቀረብ ብለው ክንዷን ጨበጥ፣ ትከሻዋን ዳበስ አደረጉ፤ ከዚያ ማንጎው ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ።

«አክስቴ፣ ደኅና ነኝ። ውሃ ላምጣልዎት» አለቻቸው ረሂማ።

እሳቸው ውሃውን ከጠጡ በኋላ፣ ልጅቷ ስለምን እንዲህ እንዳለች ጠየቋት። ረሂማ አላውቅም አለች። ለአሮጊት መዋሸቷ ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት ዋለ።

ማክሰኞ ዓሪፍ ላቡን እየጠረገ ቤቷ ገባ። አብረውት የቅሬው ዳኛ አማን ነበሩ፤ መርሳ ላይ ሰው ሲሞት ቀባሪውን የሚያዙ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። የቴሌቪዥኑ ሰዎች ደውለዋል አለ ዓሪፍ። ሐሙስ ፈይሩዝን ይዘው ይመጣሉ። ወልድያ ላይ አቀባበል ይደረግላታል፤ መቶ ባጃጅ ተዘጋጅቷል። ከዚያ መርሳ መጥተው ያደገችበትን ቤት ይቀርጻሉ። የእናቷን መቃብርም።

ረሂማ «የማንን?» ስትል ጠየቀች።

ዓሪፍ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ተናገረው። ነገሩ አሁን ከተነገረ ልጅቷ በአገር ፊት ትዋረዳለች፣ ከውድድሩም ትባረራለች። የከተማው ሰው ተነጋግሮ አፉን ዘግቷል፤ ከዚህ የሚወጣ ወሬ የለም። እሷ ብቻ ለሁለት ቀን ግራና ከተማ፣ አማቱ ቤት ብትቀመጥለት ሌላው በሰላም ያልፋል። «እታለም፣ ለልጅሽ ብለሽ» አላት።

ረሂማ ሽማግሌውን ምን ይላሉ በሚል ዓይን አየቻቸው። አማን መቁጠሪያቸውን ሲያንከባልሉ ቆይተው፣ «እኔ አርባ ዓመት ቀባሪ ነኝ። ያልሞተ ሰው ቀብሬ አላውቅም» አሉና ተነሥተው ወጡ።

የሳቸው ንግግር ልቧን ነካው፤ ሆኖም እሺ አለች። እኔው በአፌ ያመጣሁት ነው፣ በልጄ ላይ ሁለተኛ በር አልዘጋም ብላ ነው እሺ ያለችው። ይህን ለዓሪፍ አልነገረችውም። ረቡዕ ጠዋት ሻርፗን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ በባጃጅ ግራና ሄደች።

ሐሙስ የግራና ገበያ ነበር። ቤት ውስጥ መቀመጥ ስላስጨነቃት ወጣ አለችና በርበሬ ከምትሸጥ አንዲት ሴት አጠገብ ጥላ ያዘች። ሴትዮዋ አላወቀቻትም። ጨዋታው እንደ ሰሞኑ ሁሉ ወደ ፈይሩዝ ሄደ። ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት፤ ፊደል እንደማትቆጥር፣ ልጇ እንዳስተማረቻትና በየቀኑ ቁልፉን እየነካች ለፈይሩዝ ድምፅ እንደምትሰጥ ነገረቻት። «እናት የላትማ» አለች። «ለእናቷም ከየሶላቱ በኋላ ዱዓ አደርግላታለሁ። አላህ ጀነት ያግባት፣ መቃብሯን ያስፋላት እላለሁ።»

ረሂማ ወደሷ ዞረች። «ታውቂያት ነበር?» አለቻት።

«የት አውቃት ብለሽ? ለፍታ አሳድጋ የልጇን ወግ ሳታይ የሄደች እናት ናት። ለሷ ያልጸለይኩ ለማን ልጸልይ?»

የማታውቃት ሴት በቀን አምስት ጊዜ ግንባሯን መሬት ላይ ደፍታ፣ አሁን አጠገቧ በሕይወት ለተቀመጠችው ለሷ ለራሷ መቃብር ትለምናለች። እስከዚያ ሰዓት ውሸቱ የሷና የልጇ፣ ቢበዛ የመርሳ ሰዎች ጉዳይ መስሏት ነበር። ተነሥታ ሴትዮዋን ሳትሰናበት ሄደች። የመጀመሪያው ባጃጅ ውስጥ ገባችና መርሳ አለችው።

መቃብሩ ከከተማው በላይ፣ በቁልቋል የተከበበ ተዳፋት ላይ ነው። ከታች ባጃጆች፣ አንድ ነጭ መኪናና እጅግ ብዙ ሰው ቆሟል። ከዚያ ሁሉ ሰው ግን ድምፅ አይሰማም ነበር። ረሂማ ከኋላ ደርሳ ስትቆም አንድ በአንድ አየቻቸው። ከትናንት ወዲያ ማንጎ የገዛቻት ጎረቤቷ አለች። ገበየሁ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። አንዳንዶቹ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ካሜራው ወደነሱ ሲዞር አንገታቸውን ይደፋሉ። አንድ ከተማ ሙሉ፣ ልጇን ክርስትና ስታስነሣ ረሂማን የጠራችም ዒድ ላይ አብራት የበላችም፣ ለሷ ሐዘን ተቀምጦላታል። ከገበያው ይልቅ ያን ጊዜ ይበልጥ ፈራች፤ እውነት ሞቼ ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ እንደ ብርድ አለፈባት።

ፈይሩዝ ከቁልቋሉ ወዲያ፣ ድንጋይ ከተከመረበት አንድ መቃብር ዳር ተንበርክካለች። ዓሪፍ አጠገቧ ቆሟል። መቃብሩን ረሂማ ታውቀዋለች፤ ከሰባት ዓመት በፊት የቀበረቻቸው የገዛ እናቷ መቃብር ነው። ካሜራማኑ የልጅቷን ፊት በቅርብ ይቀርጻል። እየሩሳሌም የምትባለው የዝግጅቱ አዘጋጅ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ያደረገች ወጣት ሴት፣ በእጇ ቀስ በሉ የሚል ምልክት ትሰጣለች።

ረሂማ ሻርፗን ከፊቷ ገፈፈች። ፊት ያሉት ዞር ብለው ሲያዩዋት መንገድ ለቀቁላት። ማንም እጇን ሊይዝ አልደፈረም።

«ፈይሩዝ፣ ተነሺ» አለች። «እዚህ ያሉት አያትሽ ናቸው።»

ፈይሩዝ ቀና አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። ዓሪፍ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና የሰው መቃብር ላይ መቆሙ እንኳ ሳይታወቀው ወደኋላ አፈገፈገ። ልጅቷ ስትነሣ ጉልበቷ ላይ አፈር ተለጥፎ ነበር፤ አላራገፈችውም።

«አንቺ እኮ ነሽ በይ ያልሽኝ፣ እማ» አለች። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረችው፤ ሆኖም ደረቷ ላይ ማይክ ነበረ፣ ሰውም ትንፋሹን ይዞ ነበር።

ረሂማ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ልታስተባብል ትችል ነበር፤ ያን ቃል ከሁለታቸው ሌላ የሰማው የለም። «እውነቷን ነው» አለች። «ለመዝፈን ከቤት ስትወጣ እናቴ ሞታለች በይ ያልኳት እኔ ነኝ። አራት ወር ዝም ያልኳትም እኔ ነኝ። እሷ ዋሽታለች፤ ውሸቱን ያስያዝኳት ግን እኔ ነኝ።»

ሞተሩን ሳያጠፋ የቆመ የአንድ ባጃጅ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ገበየሁ ባርኔጣውን ራሱ ላይ መልሶ አደረገ፤ እንደገና አወለቀው። ዓሪፍ በርከክ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ።

የመጀመሪያ የተናገረችው እየሩሳሌም ናት። ፊቷ ነጥቶ ነበር። ፈንጠር ብላ በስልክ ከአንድ ሰው ጋር ተነጋገረች። ስትመለስ ግን መልኳ ተለውጦ፣ ዓይኗ በርቶ ነበር። ረሂማን በአክብሮት እጅ ነሣቻትና፣ «እናት፣ ድንገት ስለገቡ አልተዘጋጀንም፤ ድምፁ በደንብ አልተያዘም» አለቻት። «ከታች ከመንገዱ ጀምረው አንድ ጊዜ ይድገሙልን። ሲተቃቀፉ ደግሞ ፊትዎን ወደ ካሜራው ያድርጉልኝ።»

ረሂማና ልጇ አልተቃቀፉም ነበር። ረሂማ የሰማችው በትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ሴትዮዋን ትክ ብላ አየቻት። ሞታለች ሲባል ስትሰማ እንኳ እንዲህ አልደነገጠችም። ፈይሩዝ በበኩሏ ማይኩን ከቀሚሷ ነቀለች፣ ሽቦውን ጠቀለለችና አያቷ መቃብር ዳር ካለው ድንጋይ ላይ አኖረችው።

«ይህ አይደገምም» አለች።

በነጩ መኪና ግን ተመልሳ ሄደች። ውል ፈርማለች፤ የመጨረሻው ውድድርም ገና ይጠብቃታል። እናትና ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሌላ የተነጋገሩት ነገር የለም። መኪናው ሲነሣ ፈይሩዝ በመስኮቱ አየቻት፤ ረሂማም እስኪሰወር ድረስ አየችው።

በተከታዩ እሁድ ጣቢያው ሁሉንም አሳየው። ክራርና ዋሽንት ጨምረውበት፣ የረሂማን አካሄድ አዘግይተውት፣ የተናገረችውን ግማሹን ቆርጠውት ነበር። የአገሩ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ልጅቷን አጭበርባሪ አላት፤ ግማሹ እናቲቱን ጨካኝ አላት። አንዳንዱ መኪና ረሂማ ሸራ ፊት ይቆምና ተሳፋሪው ሳይገዛ አይቷት ብቻ ይሄዳል። የባጃጅ ነጂዎቹ ፎቶውን አንድ በአንድ ላጡት። ረሂማ ለማንም አልመለሰችም፤ ሸራዋንም አንድ ቀን አላጠፈችም።

የፍጻሜው ቀን ገበየሁ ሻይ ቤት ግማሹ አግዳሚ ባዶ ነበር። ረሂማ ማንም ሳይጠራት ሄዳ ከፊት ተቀመጠች። አክስት ዓቢዳ ከውርጌሳ መጥተው አጠገቧ ተቀምጠዋል። አቅራቢው ፈይሩዝን ስለ እናቷ ዛሬ ምን ትያለሽ አላት። «አለች። መርሳ ናት። ማንጎ ትሸጣለች» አለችና ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ትዝታ ዘፈነች፤ አላለቀሰችም። ዳኞቹ ከአራቱ ሁሉ የሚበልጠውን ነጥብ ሰጧት። የተመልካች ድምፅ ሲደመር ግን አራተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ዮሐንስ የሚባል የጎንደር ልጅ ነበር። አክስት ዓቢዳ ቁጥሩ ስላልገባቸው አሸነፈች እንዴ እያሉ ጠየቁ። ረሂማ፣ «አላሸነፈችም፣ አክስቴ። ትመጣለች» አለቻቸው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ መጣች። አቀባበል አልነበረም። ከደሴ የመጣ ሚኒባስ አስፋልቱ ዳር ጥሏት ሄደ። ሻንጣዋን እየጎተተች ሸራው ድረስ መጣችና ሰላምታ ሰጠች። ረሂማ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ፈይሩዝ ተቀመጠች፤ ሳትጠየቅ የበሰለውን ማንጎ ካልበሰለው ትለይ ጀመር። ለረጅም ጊዜ የተናገሩት ነገር ስለ ማንጎው ብቻ ነበር።

በኋላ ረሂማ ስንት ሳምንት ያብሰለሰለችውን ጠየቀች። ያን እሁድ ሞታለች ስትይ የወረደው እንባ ከየት መጣ፣ እነሱ ናቸው ያስተማሩሽ አለቻት።

ፈይሩዝ እጇ ላይ ያለውን ማንጎ እያገላበጠች ቆየች። «ማንም አላስተማረኝም» አለች። «አዲስ አበባ እንደገባሁ ሦስት ቀን ደወልኩልሽ። አላነሣሽም። በሦስተኛው ቀን፣ አንድ ነገር ሆና እንደሆነስ ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን የተከራየሁበት ቤት ውስጥ እንደ ሟች አለቀስኩልሽ። ከዚያ ወዲህ ሞታለች ስል የዋሸሁ አይመስለኝም ነበር፣ እማ። አንዳንዴ አሁንም እዚህ ተቀምጠሽ ሳይሽ ያስደነግጠኛል።»

ረሂማ ያን ሦስት ቀን ታስታውሳለች። የማታውቀው ቁጥር ነበር፤ ሆኖም ማን እንደሆነች አውቃለች። ስልኩ እስኪያቆም ድረስ በእጇ ይዛ አይታዋለች፤ ሦስቱንም ጊዜ። ልጇ በዚያኛው ጫፍ ሆና እየቀበረቻት እንደነበር ግን አላሰበችም። እጇን ዘርግታ የልጇን ጉልበት ያዘች፤ በጣም አጥብቃ ስለያዘችው ፈይሩዝ ቀና ብላ አየቻት።

ከወልድያ በኩል አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ተሳፋሪዎች በመስኮት እጃቸውን እያወጡ ማንጎ ማንጎ አሉ። ፈይሩዝ ልትነሣ አለች። ረሂማ ግን ጉልበቷን አለቀቀችም፤ አውቶቡሱም ጥቂት ጠበቀና ማንም ሳይሸጥለት ሄደ።